በቡሌ ነው ያደግነው

እኔ ያደግኩት በቡሌ ነው። ወንድሜ ይህን ሲያነብ ፊቱ እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ ይጥቆር። እሱም ያደገው በዚያው ነው። እንዲያውም የመጨረሻ ልጅ በመሆኑ ሥጋው የሚበዛው እሱ ሳህን ላይ ነበር።

ቡሌ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። አዲስ አበባ አድጎ የማያውቅ ሰው አለ ብዬ አላምንም፤ የማያውቅ ለመምሰል የሚጥር ግን ሞልቷል። ሆቴል ውስጥ ሰው በልቶ ሲነሣ ሳህኑ ላይ የሚተወው ነገር አለ፦ ግማሽ ጥብስ፣ የቀዘቀዘ ፓስታ፣ ጫፉ የተገመጠ ዳቦ፣ ወጥ የነካው እንጀራ። ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ በጓሮ በር ሲወጣ ቡሌ ይባላል። የሚሸጠው አለ፣ የሚገዛው አለ፣ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀውም አለ። እናቴ ግን መርካቶ ያለ አንድ ሆቴል ዕቃ አጣቢ ስለነበረች ወረፋ አልጠበቀችም። ሳህኑ መጀመሪያ የሚደርሰው እሷ እጅ ላይ ነው። የሚበላውን አንሥታ ታስቀምጥና ሳህኑን ታጥባለች።

አባታችን የሞተው ወንድሜ ገና ጡት ሳይጥል ነው። ከዚያ በኋላ እራታችን የሚመጣው በታክሲ ሆነ። ቤታችን ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ እኔና እናቴ ዛሬም እዚያው ነን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከወንድሜ ጋር ማዞሪያው ጋ ቆመን ከመርካቶ የሚመጡትን ታክሲዎች እንጠብቃለን። እናቴ ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ ታቅፋ ከኋላ ወንበር ትወርዳለች። ረዳቱ አንዳንዴ «ኧረ እናት፣ ሽታው ተሳፋሪውን ሁሉ አስራበው!» ይላታል። እሷም ስቃ ትወርዳለች፤ ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ ግን አትነግረውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እናቴ ባልዲውን እንደመጣ አቅርባልን አታውቅም። ቤት ስትገባ ነጠላዋን ትሰቅልና እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች። ከዚያ ሰፊውን የብረት ትሪ ወለሉ ላይ ታደርግና መለየት ትጀምራለች። ሥጋው ወደ አንድ ጥግ፣ ፓስታው ወደ ሌላው፣ ዳቦው ለብቻው። ሶፍቱን፣ ስቴኪኒውን፣ የሎሚውን ልጣጭ እየለቀመች ታወጣለች። ዓይኗ ትሪው ላይ አይደለም። ከእኛ ጋር ስለ ትምህርት ቤት እያወራች፣ ማን ከማን ተጣላ እያለች ነው፤ እጇ ያለ እሷ ይሠራል። ዳቦው ላይ የሰው ጥርስ ካረፈበት የተገመጠውን ጠርዝ በቢላ ትቆርጠዋለች። ሥጋውን በፈላ ውሃ ታለቀልቀዋለች። ማንም ያልነካው ሙሉ ዳቦ ከተገኘ ለብቻው በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣና ለጎረቤታችን ልጆች ይቀመጣል። እነሱ ሙስሊሞች ስለሆኑ ሥጋ አጠገብ የዋለ ነገር ፈጽሞ አትሰጣቸውም፤ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እኛም ከዳቦ ፍርፍር በቀር የምናገኘው የለም። ሆቴል የሚበላው ሰው ባይጾምም እናቴ ቡሌውን ታስጾመው ነበር።

በፍስክ ቀን ግን ድስቱ ይጣዳል። ሽንኩርቱ ቀይ እስኪሆን ይቁላላል፣ በርበሬው ይገባል፣ ዘይቱ ጠብ ይላል። የተቆራረሰው ዳቦ ቀድሞ ገብቶ ዘይቱን ይጠጣል፣ ፓስታው ይከተላል፣ ሥጋው መጨረሻ ላይ ይበተንበታል። ክዳኑ ተከድኖ እሳቱ ይቀነሳል። ከድስቱ ሥር የሚይዘው፣ እርር ብሎ በማንኪያ ካልተፋቀ የማይለቀው፣ እሱ ነበር የጠባችን ምክንያት። ከየጠረጴዛው የመጣው ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ ስለሚገናኝ ምግቡን «ስብሰባ» ብለን ሰየምነው። ሰው ባለበት «እማ፣ ዛሬ ስብሰባ አለ?» እንላታለን። «አለ» ትላለች። ሰፈር ውስጥ ሴትዮዋ ለቀበሌ ጉዳይ ያላት ትጋት ለጉድ ነው ተብሎ ይወራ ነበር።

ይጣፍጥ ነበር። ስለ ድህነት የሚያወሩ ሰዎች ምግቡ መራራ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ፤ የኛ አልመረረም። ዛሬ ጥሩ የተባለ ቦታ ቁጭ ብዬ የምበላው ፓስታ ያንን አያህልም። ይህን የምለው ለመጽናናት አይደለም። ምላስ አለኝ፣ ቀምሼ አውቃለሁ።

«ትራፊ» ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ያናድደኛል። እስቲ ትራፊ ያልበላ ማነው? አባት በልቶ ሲነሣ የተወውን ልጆች ይሻሙበት ነበር፤ እሱ በረከት ይባላል። ጨዋ እንግዳ ገበታውን ጠርጎ አይበላም፤ የተወውን ጓዳ ያሉት ሴቶች ይበሉታል፤ እሱ ወግ ይባላል። በሠርግ ማግስት ሰፈርተኛው ሁሉ ተጠርቶ የሚበላው ምንድነው? ይህ ከተማ በየማለዳው የሚጎርሰው ፍርፍርስ የትናንት እንጀራ በትናንት ወጥ አይደለም እንዴ? አባት የተወው በረከት፣ እንግዳ የተወው ወግ፣ የማናውቀው ሰው የተወው ውርደት። ይህን ልዩነት ያወጣ ሰው ካለ መጥቶ ያስረዳኝ። እኔ እስካሁን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ነገሩ ሁሉ የተነሣው ወንድሜ ሊያገባ ሲያስብ ነው። ባንክ ነው የሚሠራው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፣ ሰው ሲያናግር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ለራሱ ቤት ተከራይቶ ከወጣም ቆይቷል። ልጅቷን እኔም እወዳታለሁ፤ ሳቂታ ናት፣ አትኮራም። እናቷ ሳንሱሲ ሰፈር ሰፊ ግቢ ያለው ቤት አላቸው፤ ባላቸው ስለሞቱ ልጃቸውን ያሳደጉት እሳቸውም ብቻቸውን ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቶቹ ይተዋወቁ ተባለና እሑድ አመሻሽ ላይ እኛ ቤት ለእራት እንዲመጡ ተቀጠረ።

ቀኑ ሲቃረብ ወንድሜ መጣ። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ምግቡን አዝዣለሁ» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። «ካተሪንግ ያመጡታል።»

«ለምን? እኔና እማ እጅ የለንም?»

«እንዳትደክሙ ብዬ ነዋ።»

«ማን ደከመኝ አለህ?»

ስልኩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ደግሞ ያንን የድሮውን ነገር አታንሡ። ስለ ሥራዋ ከጠየቁ ሆቴል ትሠራ ነበር ማለት ይበቃል።»

«ቡሌውን ነው የድሮው ነገር የምትለው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ!» አለኝ። በገዛ ቤታችን። «ምናለ ዝም ብትይ? ሴትዮዋ እንዴት ዓይነት ሰው እንደሆኑ አታውቂም። ልጄን አልሰጥም ቢሉ አንቺ ምን ይጎድልብሻል!»

ወደ እናቴ ዞርኩ። ከምስሩ ቀና ሳትል «እሺ» አለች።

«ምኑ ነው እሺ?»

«እሺ አልኩ። ቀኑ የሱ ነው።»

ያ «እሺ» አቃጠለኝ። ለሆቴሉ አለቃ እሺ፣ ለአስተናጋጁ እሺ፣ ለታክሲው ረዳት እሺ ስትል ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት አሁን ደግሞ ለወለደችው ልጅ፣ ቤቷ ውስጥ፣ ስለ ራሷ ሕይወት እሺ ትበል? እጃችንን ይዛ ያሳደገችን ሴት እንግዳ ሲመጣ እንደ አሮጌ ዕቃ መጋረጃ ጀርባ ልትገባ ነው? ወንድሜ ሠርጉ እንዳይፈርስበት ፈርቷል፤ ይገባኛል። እኔ ደግሞ እናቴ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሴት ሆና እንዳትቀመጥ ፈራሁ። እሑድ ዕለት አፌን እንደማልይዝ ያኔውኑ ወሰንኩ።

እሑድ ምግቡ መጣ። የካተሪንጉ ሠራተኞች የሚያብረቀርቁትን ክዳን ያላቸው ትሪዎች ደርድረው፣ ከሥራቸው እሳት ለኩሰው፣ ዕቃውን በኋላ እንወስዳለን ብለው ሄዱ። ጥብሱ፣ አልጫው፣ ሩዙ፣ ላዛኛው፣ ሰላጣው፣ ለሠርግ የሚበቃ ነው። ወንድሜ አዲስ የጠረጴዛ ልብስ አምጥቶ አነጠፈ። ለእናቴም «ዛሬ አትነሺም፣ ቁጭ ብለሽ እንደ ሰው ትስተናገጃለሽ» አላት። በዚያ «እንደ ሰው» ውስጥ የነበረውን ነገር የሰማሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እናቴ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ።

እንግዶቹ ገቡ። የልጅቷ እናት ደርባባ ሴት ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ክፋት አላየሁባቸውም። እናቴን አቅፈው ሳሙ፣ ጤናዋን ጠየቁ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ብለው አመሰገኑ። ራት ቀረበ፣ ተበላ። ጨዋታውም ደኅና ነበር። እሳቸው ሲጠግቡ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉና ትሪዎቹን ቃኙ።

«አይ፣ ብዙ ተርፏል» አሉ። «ይሄ የታዘዘ ምግብ ደግሞ ሲያድር አይሆንም። እኛ ቤትስ ያደረ ወጥ አይበላም፤ ለውሻ ነው።»

ወንድሜ ቸኩሎ «ልክ ነዎት። እኛም ቤት አይበላም» አለ።

እኛም ቤት! ማቀዝቀዣው ውስጥ የትናንት ሽሮ አለ። ከትናንት ወዲያው ድርቆሽም መደርደሪያው ላይ አለ። ሹካዬን አስቀመጥኩ። የልጅቷ እናት ግን ወደ እናቴ ዞረው ነበር።

«እርስዎስ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ሆቴል ውስጥ» አለ ወንድሜ። «ኃላፊ ነበረች።»

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ያዘችኝ። እጇ ጠንካራ ነው፤ አመመኝ። ሹካዬን መልሼ አነሣሁ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም አላቀደውም። እናቴ መቀመጥ አትችልም፤ ሰው በልቶ ሲጨርስ ቁጭ ማለትን ሰውነቷ አያውቀውም። ተነሥታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ወንድሜ «እማ፣ ተዪው» አላት፤ አልሰማችም። ከልጅቷ ጋር ስለ ሳህኑ ጌጥ እያወራች፣ ዓይኗ ልጅቷ ላይ እንዳለ፣ እጇ መለየት ጀመረ። የልጅቷን እናት ሳህን አነሣች፦ የተረፈው ጥብስ ወደ አንድ ሳህን ሄደ፣ ላዛኛው ወደ ሌላው፣ ዳቦው ለብቻው ተቀመጠ፣ ሶፍቱ ወጣ፣ ስቴኪኒው ወጣ። የኔን አነሣች። የወንድሜን አነሣች። የተገመጠችውን ዳቦ ይዛ ጠርዟን ልትቆርጥ ቢላ ስትፈልግ ነው ቤቱ ጸጥ ማለቱን ያወቀችው።

ሁላችንም እጇን እያየን ነበር። ወንድሜ ፊቱ በላብ ረጠበ።

«እጅዎ ይፈጥናል» አሉ የልጅቷ እናት። ምን እንዳዩ በደንብ ሳይገባቸው ይመስለኛል ያሉት።

እናቴ ዳቦዋን ተመለከተች። ከዚያ እኔን ሳይሆን፣ ወንድሜንም ሳይሆን፣ ቀጥ ብላ እሳቸውን አየች። ተቀመጠች።

«ኃላፊ አልነበርኩም» አለች። «ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ከሳህን ላይ የሚተርፈውን ለይቼ ቤቴ አመጣ ነበር። ቡሌ ነው የሚሉት። ልጆቼን ያሳደግኩት በሱ ነው፤ ልጅዎን ሊያገባ የመጣውም በሱ ነው ያደገው። ለውሻ ግን ሰጥቼው አላውቅም፤ አይተርፍማ።»

አልጮኸችም። ድምጿ የሽንኩርት ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ለሳምንት ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ፣ የበረከቱ፣ የወጉ፣ የፍርፍሩ፣ ምኑም አላስፈለገም።

የልጅቷ እናት አንገታቸውን ደፉ። ወንድሜ የጠረጴዛውን ልብስ ጥለት ያያል። መጀመሪያ የተናገረችው ልጅቷ ናት።

«እንዴት ነበር የሚሠሩት?» አለች። ለይሉኝታ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋለች።

«ምን አለው ብለሽ ነው ልጄ» አለች እናቴ። «ሽንኩርት ታቁላያለሽ፣ በርበሬ ጣል ታደርጊያለሽ፣ ፓስታውን ትጨምሪያለሽ፣ ከዚያ—»

«ዳቦው ነው የሚቀድመው» አለ ወንድሜ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። እሱ ቀና አላለም።

«ዳቦው ቀድሞ ዘይቱን ካልጠጣ ፓስታው ይላቁጣል» አለ። «ሥጋው ደግሞ መጨረሻ ነው። ከገባ በኋላ አይማሰልም፣ ይከደናል። ሥሩ መያዝ አለበት።» እዚህ ሲደርስ ራሱን ሰማ መሰለኝ ድንገት ቆመ። መኪናውን ልይ ብሎ ወጣ። ታክሲ ነው የመጡት፤ የሚታይ መኪና አልነበረም።

የልጅቷ እናት «መቼም ብቻን ማሳደግ ከባድ ነው» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ሲሰናበቱ እናቴን እንደገና ሳሟት፤ ሲገቡ ከሳሟት ትንሽ ቆየት ያለ ነበር፣ ወይም እኔ እንዲያ እንዲሆን ፈልጌ ይሆናል።

ወንድሜ በማግስቱ ጠዋት ደወለ። «ደስ አለሽ?» አለኝ።

«በጣም።»

«እኔን አዋረደችኝ።»

«አንተን ያዋረደህ ኃላፊ ነበረች ማለትህ ነው። እሷማ አጉርሳሃለች።»

ዘጋብኝ። እስኪበርድለት ቆየ እንጂ ሠርጉ አልቀረም፤ ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ተጋቡ። የልጅቷ እናት እስከ ዛሬ እኔ በሄድኩ ቁጥር «ብይ፣ ዛሬ የተሠራ ነው» ሳይሉ አያቀርቡልኝም። እኔም «ነገ ነው የሚጣፍጠው፣ ይቋጥሩልኝ» ሳልል አልወጣም። ይቋጥሩልኛል። ቅር እያላቸውም ቢሆን ይቋጥሩልኛል።

ያ ስልክ ከተዘጋ በኋላ፣ የዚያኑ ዕለት አመሻሽ፣ እናቴ ከእሑዱ የተረፈውን አውጥታ ድስት ጣደች። ቤቱን የማውቀው ሽታ ሞላው። እኔ ገና ግለቴ አልበረደልኝም ነበር። በጓዳው በር ቆሜ እለፈልፋለሁ፦ ልካቸውን ነገርሻቸው፣ ደግ አደረግሽ፣ እኔማ ብሆን ሠርጉ ላይ ማይክ ይዤ ለታዳሚው ሁሉ ነበር የምናገረው፣ ቤታችን በር ላይ ጽፌ እለጥፈው ነበር።

እናቴ ድስቱን አውርዳ ትሪው ላይ ገለበጠችው። ተቀመጥን።

«ተይ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እሱ ይደበቅ አለ። አንቺ ይለፈፍ አልሽ። እኔን ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም።»

እንጀራ ቆረሰች።

«ያን ባልዲ ተሸክሜ የመጣሁት እንድትጠግቡ ነው» አለች። «እንድታፍሩበት አይደለም። እንድትፎክሩበትም አይደለም። ጠግባችኋል፤ አለቀ።»

አለቀ ብትልም ለኔ አላለቀም። መልስ ነበረኝ። ኩራቴን ማንንም አስፈቅጄ አልያዝኩትም፣ ተይ ስለተባልኩም አልተወውም ልላት ነበር። «እማ፣ እኔ ግን» ብዬ ስጀምር ሥጋ የበዛበትን አንሥታ አጎረሰችኝ፤ ጉርሻው ትልቅ ስለነበር አኝኬ እስክውጥ እሷ ወሬ ለውጣ ነበር።

ይህን ለመጻፍ ስነሣ ታዲያ ከማንም በፊት እሷን ጠየቅኳት። ልጻፈው ወይ፣ ሰው ያነበዋል አልኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ወንድሜ ትቶት የሄደውን አሮጌ ሸሚዝ እጅጌ ወደ ውስጥ መልሳ፣ በመዳፏ ዳበሰችው።

«ጻፊው» አለች። «ብቻ እኔ ራሴ እንደነገርኳቸው ጻፊ።»